የጀርመን የተማሪ ቪዛዬ የሦስት ወር ብቻ ነው፤ ከሀዋሳ ሳልወጣ ምን ላዘጋጅ?

ሐይቅ ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ነው የተመረቅኩት፤ ለማስተርስ ጀርመን ተቀብለውኛል፣ ቪዛውም ወጥቷል። ያሳሰበኝ ቪዛው ላይ ያለው ቀን ነው፦ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ዲሴምበር 14፣ በእኛ ከመስከረም 5 እስከ ታኅሣሥ 5። ትምህርቱ ሁለት ዓመት፣ ቪዛው ሦስት ወር! ኤጀንቱ «እዚያ ስትደርሺ የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጡሻል» ከማለት ሌላ ዝርዝር የለውም። የምሄድበት ከተማ የውጭ ዜጎች ቢሮ ድረ ገጽ ላይ ቀጠሮ ብፈልግ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ክፍት ቀን አላገኘሁም።

ቀጠሮ ሳላገኝ ታኅሣሥ 5 ካለፈ ሕገ ወጥ ሆንኩ ማለት ነው? ለገና ሀዋሳ ብመጣ መመለስ እችላለሁ? ፓስፖርቴም የቀረው 14 ወር ነው፤ እዚህ ላሳድሰው ወይስ እዚያ? ባለቤቴ ለጊዜው እዚሁ ይቀራል፣ በኋላ እንዲመጣ ነው ሐሳባችን። የተጋባነው ጥር ላይ በቤተ ክርስቲያን ነው፣ ቀበሌ አላስመዘገብንም። ነዋሪነታችን ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። ለጉዞ አምስት ሳምንት ቀርቶኛል፤ የምታውቁ ምከሩኝ።

---

ፎልደር ያዥ

እንኳን ደስ አለሽ። ቪዛው ሦስት ወር መሆኑ ስህተት አይደለም። የመግቢያ ቪዛ ነው፤ የሁለት ዓመቱ ነገር የሚያልቀው እዚያ ነው። ሥራው ቅደም ተከተል አለው፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አያልቅም፣ ሰው ጊዜ የሚያባክነውም እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ቤት። ቤት ስልሽ መኝታ ብቻ አይደለም፤ አድራሻሽን ማዘጋጃ ቤት የምታስመዘግቢበት ቤት ነው። ጀርመኖቹ አንሜልዱንግ ይሉታል፤ በሕጉ ቤት ከገባሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ መደረግ አለበት። ለዚህ አከራዩ የሚፈርማት አንድ ገጽ ወረቀት ያስፈልጋል፣ ስሟ «ቮኑንግስጌበርበሽቴቲጉንግ» ነው። ምላስ ቢያደክምም ቃሏን ጻፊና ያዢ፣ አከራዩን የምትጠይቂው በዚሁ ስሟ ነው። የኪራይ ውል እሷን አይተካም። ሆቴልና የአጭር ጊዜ ኪራይ ብዙውን ጊዜ ይህችን ወረቀት አይሰጡም፤ ስለዚህ ገንዘብ ከመላክሽ በፊት «ማስመዝገብ ይቻላል?» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። «ቤቱ አለ፣ ምዝገባ ግን አይቻልም» ካሉሽ ለአንቺ ያ ቤት የለም ማለት ነው።

ሲመዘግቡሽ የምዝገባ ማረጋገጫ ይሰጡሻል። ከዚያ በኋላ 11 አሃዝ ያለው የግብር ቁጥር በፖስታ ይመጣል። እዚህ ላይ ትንሽ የምትመስል ግን ብዙ ነገር የምታበላሽ ነገር አለች፦ የፖስታ ሳጥኑ ላይ ስምሽ መለጠፍ አለበት። ጀርመን ውስጥ ፖስተኛው የሚያየው የክፍል ቁጥር ሳይሆን ስም ነው። ሳጥኑ ላይ በራስሽና በአባትሽ ስም ብትለጥፊ፣ ደብዳቤው ግን የሚመጣው ፓስፖርትሽ ላይ በቤተሰብ ስም መስመር በገባው ስም ከሆነ ፖስተኛው ይመልሰዋል። የእኛ ሰው «የቤተሰብ ስም» የሚባል ነገር ስለሌለው አያስበውም። ፓስፖርትሽን ክፈቺ፣ እዚያ መስመር ላይ ያለውን ስም እንዳለ ገልብጪ፣ በትልልቅ ፊደል ጽፈሽ ለጥፊ። የባንክ ካርድ፣ የኢንሹራንስ ካርድ፣ የግብር ቁጥር፣ ከውጭ ዜጎች ቢሮ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ የሚያልፈው በዚያች ሳጥን ነው።

ቀጥሎ የጤና ኢንሹራንስ፣ ከዚያ የተማሪነት ምዝገባ። የመንግሥቱ ኢንሹራንስ ስለ አንቺ ለዩኒቨርሲቲው በኤሌክትሮኒክ መንገድ መልእክት ይልካል፤ መልእክቱ ካልደረሰ ዩኒቨርሲቲው አይመዘግብሽም። ከሀዋሳ ሆነሽ በኢንተርኔት ማመልከት ስለምትችይ ይህን አሁኑኑ ጀምሪው። የተማሪነት ማረጋገጫው የሚወጣው ደግሞ የሴሚስተሩ ክፍያ ሲገባ ነው።

ለውጭ ዜጎች ቢሮ የምታዘጋጂው ፎልደር ውስጥ የሚገባው ይሄ ነው፦ ፓስፖርትና የቪዛው ገጽ ኮፒ፣ የተሞላ የማመልከቻ ቅጽ፣ የአድራሻ ምዝገባ ማረጋገጫ፣ የኪራይ ውል፣ የተማሪነት ማረጋገጫ፣ የኢንሹራንስ ማረጋገጫ፣ የብሎክድ አካውንቱ፣ ማለትም ለኑሮሽ ተይዞ በየወሩ የሚለቀቀው የባንክ ገንዘብ ማረጋገጫ። ብሎክድ አካውንቱ ለዓመት 11,904 ዩሮ ነው፣ በወር 992 ዩሮ ይለቀቃል፤ እዚያ ደርሰሽ ካላስከፈትሽው ግን ዩሮ አይወጣም። አካውንቱን ከሚይዙት ድርጅቶች አንዳንዶቹ ለማስከፈት የአድራሻ ምዝገባውን ይጠይቃሉ፣ ስለዚህ የመጀመሪያውን ወር የምትኖሪበት ገንዘብ ለብቻው ያዢ። ለመጀመሪያው ፈቃድ ክፍያው 100 ዩሮ ነው። ከመንግሥት ገንዘብ ስኮላርሺፕ ያለው ተማሪ ከዚህ ክፍያ ነፃ ነው።

ለፈቃዱ ብለሽ ፒያሳ ሄደሽ ጉርድ ፎቶ አታሳጥቢ። ከሜይ 2025 ጀምሮ ለካርዱ የሚቀበሉት ዲጂታል ፎቶ ብቻ ነው፤ ወይ ቢሮው ውስጥ ትነሻለሽ ወይ የተፈቀደለት ፎቶ ቤት በቀጥታ ይልክልሻል።

---

ቀለል ያርግልሽ

አትጨነቂ እህቴ። ቪዛው ሳያልቅ ቀጠሮ ካስያዝሽ በቂ ነው፣ ቀጠሮው የካቲትም ቢሆን ችግር የለውም። የቀጠሮውን ኢሜይል አትመሽ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ።

---

አንቀጽ በአንቀጽ

ከላይ የተባለው ግማሹ ልክ ነው፤ ግማሹ ግን አደገኛ ነው። ቀጠሮ መያዝ ማመልከት አይደለም። ሕጉ የሚያየው ማመልከቻሽ ቪዛው ከማለቁ በፊት መድረሱን ነው። ማመልከቻው በጊዜው ከደረሰ፣ በጀርመን የመኖሪያ ሕግ አንቀጽ 81 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ቪዛሽ እንዳላበቃ ይቆጠራል፤ የመሥራት መብቱም አብሮ ይቀጥላል። ይህ የሚሠራው ለብሔራዊው ቪዛ፣ ማለትም «ዲ» ለሚለው ነው። የሸንገን «ሲ» ቪዛ ይዞ የገባ ሰው በዚህ ንዑስ አንቀጽ አይጠቀምም፤ ስለዚህ ፓስፖርትሽ ላይ የቪዛው ዓይነት «ዲ» መሆኑን በዓይንሽ እዪ። የተማሪ ከሆነ ነው።

በተግባር እንዲህ አድርጊ። ከተማው በኢንተርኔት የሚሞላ ማመልከቻ ካለው ሙዪውና መጨረሻ ላይ የሚወጣውን የመድረሻ ማረጋገጫ አስቀምጪ። ከሌለው ቅጹን ሞልተሽ፣ ፈርመሽ፣ ከነሰነዶቹ በአንድ ፒዲኤፍ አድርገሽ በኢሜይል ላኪ፤ አንድ ኮፒ ደግሞ በአደራ ፖስታ ላኪ፣ ወይም ራስሽ ሄደሽ ቢሮው የደብዳቤ ሳጥን ውስጥ ክተቺ። የአደራ ፖስታው ደረሰኝ ላይ ቀን አለ፤ በኋላ የምትከራከሪበት ያ ቀን ነው። አንድ ሁለት ሰነድ ቢጎድልሽ እንኳ ታኅሣሥ 5ን አትጠብቂ። ማመልከቻው ይግባ፣ የጎደለውን «ይከተላል» ብለሽ ጻፊ። ሙሉ ፎልደር ይዞ በታኅሣሥ 6 ከሚያመለክት ሰው ጎዶሎ ይዞ በኅዳር ያመለከተው ይሻላል። ከቀኑ በኋላ ላመለከተ ሰው መብቱ በራሱ አይቀጥልም፤ ቢሮው ችግርሽን አይቶ ሊቀጥልልሽ ይችላል፣ ግን እሱ የእነሱ ፈቃድ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ነው። መብቱ በሕግ ቢቀጥልም ኪስሽ ውስጥ ያለው ቪዛ ጊዜው ያለፈበት ነው። ቀጣሪም፣ ባንክም፣ ኤርፖርት ያለው ሠራተኛም የሚያየው እሱን ነው። ስለዚህ «ፊክሲዮንስበሻይኒጉንግ» የምትባለውን ጊዜያዊ ወረቀት በግልጽ ጠይቂ፤ 13 ዩሮ ናት። ሳትጠይቂ ላይሰጡሽ ይችላሉ።

አሁን ስለ ገና። ወረቀቷ ላይ ምልክት የሚደረግባቸው ሳጥኖች አሉ። ምልክቱ ያረፈው አንቀጽ 81 ንዑስ አንቀጽ 4 የሚለው ሳጥን ላይ ከሆነ ወጥተሽ መመለስ ትችያለሽ። ንዑስ አንቀጽ 3 የሚለው ላይ ከሆነ አገር ውስጥ መቆየት ብቻ ነው፤ ከወጣሽ መመለሻ የለሽም። ወረቀቷን የተቀበልሽ ዕለት መስኮቱ ጋ ቆመሽ አንብቢያት። ስህተት ካለ ያኔ በደቂቃ ይታረማል፣ ቦሌ ደርሰሽ ካየሽው ግን ማን ያርመዋል? የኢንተርኔት ማመልከቻ ማረጋገጫና የቀጠሮ ኢሜይል የጉዞ ሰነድ አይደሉም። ከመጣሽ ደግሞ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ቀጥታ በሚሄደው በረራ ተመለሺ፤ በሌላ አገር ትራንዚት ላይ ይህችን የጀርመንኛ ወረቀት ለማያውቅ ሠራተኛ ማስረዳት ሌላ ጣጣ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔን ብትጠይቂኝ፣ ካርዱ ካልደረሰሽ የዘንድሮን ገና እዚያው አሳልፊው።

ስለ ፓስፖርቱ። የመኖሪያ ፈቃዱ ለተማሪ ቢያንስ አንድ ዓመት ነው፣ ብዙውን ጊዜ እስከ ሁለት ዓመት ይሰጣል። ግን ፓስፖርቱ ከሚያበቃበት ቀን አልፎ አይሰጥም። በ14 ወር ፓስፖርት ከሄድሽ ካርድሽም አጭር ትሆናለች፤ ዓመት ሳይሞላ ዳግም ሰልፍ፣ ዳግም 93 ዩሮ፣ ዳግም የገንዘብ ማስረጃ። አሁን በአምስት ሳምንት ለማሳደስ መሞከርን ግን አልመክርም። ቪዛው ያለው በዚህኛው ላይ ነው፤ አዲሱ ቢዘገይ ጉዞሽ ተበላሸ። እዚያ ስትደርሺ በርሊን ያለው ኤምባሲያችን ወይም ፍራንክፈርት ያለው ቆንስላ ጄኔራል ያሳድስልሻል። ማብቂያው እስኪቃረብ አትጠብቂ፣ የመኖሪያ ካርዱን እንደተቀበልሽ ጀምሪው። አዲሱ ሲወጣ አሮጌው እንዳይቀርብሽ፤ ሁለቱንም አብረሽ ያዢ።

---

ውልና ማስረጃ ሰፈር

ልጄ፣ የጀርመኑን ወንድሞችሽ በደንብ ነግረውሻል። እኔ የሀዋሳውን ልንገርሽ፤ አምስት ሳምንት ብዙ አይደለም።

ጋብቻውን ሳታስመዘግቢ እንዳትሄጂ። በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመ ጋብቻ በሕጋችን ጋብቻ ነው፣ ግን ውጭ አገር የሚጠየቀው የወሳኝ ኩነት የምስክር ወረቀት ነው። ምዝገባው ላይ ሁለታችሁም በአካል ቀርባችሁ ትፈርማላችሁ፣ ምስክሮችም ይቀርባሉ፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ እሱ ብቻውን ሊጨርሰው አይችልም። ቤተ ክርስቲያኑ የሰጣችሁን የጋብቻ ወረቀት፣ የሁለታችሁን የነዋሪነት መታወቂያ ወይም ፋይዳ፣ ጉርድ ፎቶና ምስክሮቻችሁን ይዛችሁ ነዋሪ ወደሆናችሁበት ቀበሌ ሂዱ። ጋብቻ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ ስለነበረበት የእናንተ «የዘገየ» ተብሎ ነው የሚገባው፤ እሱ አያስፈራም። ወረቀቱ ላይ ግን ሁለት ቀን አለ፦ ጋብቻው የተፈጸመበትና የተመዘገበበት። የተፈጸመበት ቀን በጥር ወር ሆኖ መግባቱን አይታችሁ ፈርሙ። መዝጋቢው በችኮላ የዛሬን ቀን ከጻፈ ጋብቻችሁ ከቪዛሽ በኋላ የተፈጸመ ይመስላል፣ እዚያ ላይ ጥያቄ ያስነሳል።

ለመሆኑ የቪዛ ቅጹ ላይ የጋብቻ ሁኔታ የሚለው ጋ ምን ብለሽ ነው የሞላሽው? ብዙ ልጆች ቀበሌ ስላላስመዘገቡ ብቻ «ያላገባች» ይላሉ፤ በኋላ ባል ሊያመጡ ሲሉ ሁለቱ ወረቀት ይጋጫል።

የስም ፊደል። ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ወረቀትና ፓስፖርት ጠረጴዛ ላይ ደርድሪና የእንግሊዝኛውን ፊደል በፊደል አወዳድሪ። «ጸሐይ» በአንዱ መጨረሻ ላይ አንድ ፊደል ተጨምሮበት፣ በሌላው ሳይጨመር፤ «ዮሐንስ» በአንዱ ሁለት «ነ»፣ በሌላው አንድ። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለማያውቅሽ ሰው ሁለት ሰው ነው። መለኪያው ፓስፖርቱ ነው፣ ሌላው ወደ እሱ ይታረም። ቀበሌው ገና የሚጽፈውን የጋብቻ ወረቀት ፓስፖርትሽን አጠገቡ አስቀምጠሽ አስጽፊ።

የልደት ምስክር ወረቀትሽ ከሲዳማ ክልል ምሥረታ፣ ከ2012 በፊት የወጣ ከሆነ የደቡብ ክልል ስምና ማኅተም ነው ያለበት። ሰነድ የሚያረጋግጥ ክፍል ማኅተምና ፊርማ ካለው ናሙና ጋር ነው የሚያስተያየው፤ ስለዚህ እግርሽ እዚህ እያለ በአዲሱ ቅጽ ማውጣቱ ነገር ያቀልልሻል። ከዚያ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥ።

ዲግሪሽ ቴምፖራሪ ብቻ ከሆነ ዋናውንና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን አሁን ተከታተዪ። ኮስት ሼሪንግ ካልተዘጋ ሬጅስትራሩ እንደማይለቀው ታውቂያለሽ። የመክፈያው ደብዳቤ ከገቢዎች፣ ከዚያ ክሊራንስ፣ ከዚያ ሬጅስትራር፤ ቀናት ይበላል።

ውክልናም ስጪ፣ ለባልሽ ወይም ለምታምኚው ሰው። ነገር ግን «ሙሉ ውክልና» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ ነገር አያሠራም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት መሸጥ፣ ማስያዝ፣ ፍርድ ቤት መከራከር የመሳሰሉት ተለይተው ካልተጻፉ ተወካዩ ሊያደርጋቸው አይችልም። አንቺ የምትፈልጊው ምናልባት «ከዩኒቨርሲቲ፣ ከቀበሌ፣ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንና ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሰነዶቼን እንዲያወጣ፣ እንዲያስተካክል፣ እንዲያረጋግጥና እንዲልክ» የሚል ነው። መሥሪያ ቤቶቹን በስም አስጽፊ። ረስተሽ ከሄድሽ በኤምባሲ በኩል መላክ ይቻላል፣ ግን ያ ወረቀት እዚህ ደርሶ እንደገና እስኪረጋገጥ ወር ይሄዳል።

---

ሐይቅ ዳር

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም ተባረኩ። የቪዛ ቅጹ ላይ «ያገባች» ብዬ ነው የሞላሁት፣ የእሱንም ስም ጽፌያለሁ። ነገ ጠዋት ቀበሌ እንሄዳለን፤ የጥር ወሩን ቀን እንዳሉኝ አያለሁ። ኤጀንቱ በወር 35 ዩሮ የሆነ የግል ኢንሹራንስ አለ፣ ከመንግሥቱ በጣም ይረክሳል ብሎኛል፣ ልግዛው? ደግሞስ ካርዱ ሳይመጣ ሥራ መጀመር ይቻላል? ባለቤቴን ለማምጣትስ ምን ያህል መጠበቅ አለብኝ?

---

ፎልደር ያዥ

እንዳትገዢው። ይህ ከሁሉም በላይ ተማሪን የሚያቃጥል ነገር ነው። ዕድሜሽ ከ30 በታች ከሆነ የመንግሥቱን የተማሪ ኢንሹራንስ የማግኘት መብት አለሽ፤ በወር 150 ዩሮ አካባቢ ይሄዳል። የግሉን ለመጠቀም ከመንግሥቱ ግዴታ «ነፃ ልሁን» ብለሽ መፈረም ይኖርብሻል፤ ያ ፊርማ ለትምህርትሽ ዘመን ሁሉ አይመለስም። ስትታመሚና የግሉ «ይህን አልሸፍንም» ሲልሽ ወደ መንግሥቱ ልመለስ ማለት የለም። በዚያ ላይ ርካሾቹ ብዙዎቹ የጉዞ ኢንሹራንስ ናቸው፤ ለመኖሪያ ፈቃድ በቂ አይደሉም ተብለው ይመለሳሉ። የጉዞውን ከመግቢያ ቀንሽ እስከ ሴሚስተሩ መጀመሪያ፣ ማለትም እስከ ኦክቶበር 1 ላለው ክፍተት ብቻ ግዢው።

ሥራን በተመለከተ፣ የተማሪ ቪዛው ራሱ ላይ ተጽፏል። በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ነው። እስከ አራት ሰዓት የሠራሽበት ግማሽ ቀን ነው፣ ከዚያ ካለፈ ሙሉ። አራት ሰዓት ከሩብ ብትሠሪ ሙሉ ቀን ቆጠረብሽ ማለት ነው፤ ፈረቃ ስትይዢ አስቢው። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚሠራ የተማሪ ረዳትነት ከዚህ አይቆጠርም። በራስ ስም መሥራት፣ ማለትም ደረሰኝ እየቆረጡ ምግብ ማድረስና የመሳሰለው ግን ያለ ልዩ ፈቃድ ክልክል ነው። «ሁሉም ይሠራል» ቢሉሽ አትስሚ፤ ፈቃድ ሲታደስ የባንክ እንቅስቃሴ ይታያል። የቀናቱን ቆጠራ ራስሽ ደብተር ላይ ያዢ፣ ቀጣሪዎቹ ሁለት ከሆኑ አንዱ የሌላውን አያውቅም።

አድራሻ ካስመዘገብሽ በኋላ የብሮድካስት ክፍያ የሚባል ደብዳቤ ይመጣል፣ በወር 18.36 ዩሮ። «ቴሌቪዥን የለኝም» ብሎ ወረቀቱን መጣል አያድንም፤ ክፍያው በቤት ነው፣ ቴሌቪዥን ኖረም አልኖረም። ከሌሎች ጋር የምትኖሪ ከሆነ ለአንድ ቤት አንድ ሰው ከከፈለ ይበቃል፤ የከፋዩን ቁጥር ጠይቀሽ በእሱ መልሽላቸው።

---

አንቀጽ በአንቀጽ

ስለ ባለቤትሽ። የተማሪ ፈቃድ ያለው ሰው የትዳር ጓደኛውን የሚያመጣው ጋብቻው ፈቃዱ ሲሰጥ የነበረ ከሆነና ቆይታው ከአንድ ዓመት በላይ ይሆናል ተብሎ ከታመነ ነው። ጋሼ የጋብቻውን ቀን ያጠበቁት ለዚህ ነው፤ ቀኑ ጥር ከሆነ ይህን አልፈሻል። ለእሱ የሚቀረው የጀርመንኛ «ኤ 1» ፈተና ነው፤ አዲስ አበባ ጎተ ኢንስቲትዩት ይፈተናል። ከዚህ የሚነፃ ሰው አለ፣ ነገር ግን ነፃ እሆናለሁ ብሎ ከመቀመጥ ዛሬ ጀምሮ ቢማር ይሻላል። የሚበዛው ሰው የሚወድቅበት ግን ቋንቋው ላይ ሳይሆን ገንዘቡ ላይ ነው። ብሎክድ አካውንትሽ ለአንድ ሰው ነው። ለሁለተኛ ሰው መኖሪያ፣ በቂ ስፋት ያለው ቤትና ኢንሹራንስ ማሳየት አለብሽ። የተማሪ ማደሪያ አንድ ክፍል ላይ ሁለት ሰው ብለሽ ብታመለክቺ ጊዜሽን ነው የምታጠፊው።

ሌሎች ቀናት ደግሞ እነሆ፣ ካርድ ከተቀበልሽ በኋላ የሚረሱ። ከጀርመን ወጥተሽ ከስድስት ወር በላይ ከቆየሽ ፈቃዱ በራሱ ይሞታል፤ ካርዱ ላይ ዓመት ቢቀረውም። ለመረጃ መሰብሰብ ሀዋሳ የምትመጪ ከሆነ ቀኑን ቁጠሪ፣ ሊያልፍ ካለም ሳትወጪ ከቢሮው የጽሑፍ ፈቃድ ያዢ። ከተማ ከቀየርሽ እንደገና በሁለት ሳምንት ውስጥ አስመዝግቢ፤ ፋይልሽ ወደ አዲሱ ከተማ ስለሚሄድ እድሳት ሲቃረብ ቤት አትቀይሪ። ዲፓርትመንት መቀየርም ለዩኒቨርሲቲው ብቻ ሳይሆን ለውጭ ዜጎች ቢሮም ይነገራል፤ ፈቃዱ የተሰጠሽ ለዚያ ትምህርት ነው።

ስትመረቂ ሥራ መፈለጊያ እስከ 18 ወር ይሰጣል፣ አይታደስም። በሙያሽ ከተቀጠርሽ፣ እዚያው የተመረቀ ሰው ከሁለት ዓመት ሥራና ከ24 ወር የጡረታ መዋጮ በኋላ ለቋሚ መኖሪያ ማመልከት ይችላል። ዜግነት ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ጀርመን ከጁን 2024 ጀምሮ ሌላውን ዜግነት ተው አትልም፤ የእኛ ሕግ ግን ሌላ ነው። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል። «ሁለቱንም ይዣለሁ» የሚሉ ሰዎች አንዱን ደብቀው ነው። ከዚያ በኋላ የሚኖርሽ ቢጫ ካርዱ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው ነው፣ በአዋጅ 270/1994። እሱ ካለሽ ያለ ቪዛ ትገቢያለሽ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ትሠሪያለሽ፣ ቤት ትይዣለሽ፤ መምረጥና መመረጥ ግን የለም። ይህ የሩቅ ነገር ነው፣ ግን ቋሚ መኖሪያና ዜግነት አንድ እንዳልሆኑ ከአሁኑ እወቂው። በቋሚ መኖሪያ ኢትዮጵያዊ እንደሆንሽ መኖር ትችያለሽ።

---

ሐይቅ ዳር

ወረቀቶቼን አሁን ደርድሬ ሳወዳድር ስሜ ልክ ነው፤ ግን የልደት ምስክር ወረቀቴ በአማርኛ መስከረም 1 ቀን 1992 ይላል፣ ፓስፖርቴ ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1999። ልክ ነው አይደል?

---

ውልና ማስረጃ ሰፈር

አይደለም ልጄ። 1991 ጳጉሜን 6 የነበረችበት ዓመት ነው፤ ስለዚህ የ1992 መስከረም 1 በፈረንጅ 12 ላይ ነው የዋለው። ሴፕቴምበር 11 የምትሆነው ጳጉሜን 6 ቀን 1991 ናት። አዲስ ዓመት ሁሌ 11 ላይ ይመስላቸውና እንዲህ ይሳሳታሉ።

ፓስፖርቱን አሁን እንዳትነኪው። ቪዛው፣ የዩኒቨርሲቲው ምዝገባና የባንኩ ሒሳብ ሁሉ በ11 ነው የተከፈቱት። የልደት ወረቀቱን እንደ አዲስ ስታወጪ ግን የፈረንጁን ቀን ራሳቸው አስልተው 12 ብለው ይጽፉታል፣ ያኔ ከፓስፖርቱ ጋር ተለያየ። ስለዚህ ነገ ቀበሌ ለጋብቻው ስትሄጂ አንድ ጥያቄ ጨምሪ፦ ልዩነቱ ከቀን መቁጠሪያ ልወጣ የመጣ መሆኑንና ሁለቱም ወረቀት የአንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጻፉልሽ። ከልደት ወረቀቱ ጋር ስቴፕል አድርጊው፣ ለየብቻ አይሂዱ። ማረሙ ፓስፖርቱ ሲታደስ ይነሣል፤ ያኔ ካርድሽም አብሮ መታረም ስላለበት ለውጭ ዜጎች ቢሮው ቀድመሽ ንገሪ።

ምስክሮቹን ደግሞ ዛሬ ማታ ደውዪላቸው። መታወቂያቸው ያላለቀ መሆኑን ጠይቂ፤ ብዙ ሰው ቀበሌ በር ላይ ደርሶ የሚመለሰው በምስክር መታወቂያ ነው።